ፊደሉን የቀረጸው እና ምልክቱን የያዘው፦ የሄቪ ሜታል አርማ ሠሪዎች እንጀራ

እ.ኤ.አ. በ1977 አሜሪካዊው የፊደል ንድፍ ባለሙያ ጄራርድ ሁዌርታ ኤሲ/ዲሲ ለተባለው የአውስትራሊያ የሮክ ባንድ አልበም አራት ፊደላትን ሣለ። መነሻው በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የታተመው የጉተንበርግ መጽሐፍ ቅዱስ ፊደል ሲሆን፣ በመካከሉ የመብረቅ ምልክት ገብቶበታል። ይህ አርማ እስከ ዛሬ በቲሸርትና በኮፍያ ላይ ታትሞ ይሸጣል። ሁዌርታ ያገኘው ግን የአንድ ጊዜ ክፍያ ብቻ ነው።

ነገሩ ከአንድ ሰው ዕድል ያልፋል። በአሜሪካ የቅጂ መብት ጽሕፈት ቤት ደንብ መሠረት የፊደል አጣጣል ልዩነት ብቻውን በቅጂ መብት አይመዘገብም። እ.ኤ.አ. በ1978 አንድ የፌዴራል ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት በኤልትራና በሪንገር ክርክር የፊደል ቅርጽን እንደ መገልገያ ዕቃ ንድፍ ቆጥሮ የጽሕፈት ቤቱን እምቢታ አጸና። የንግድ ምልክት ሕግም ቢሆን መብቱን የሚሰጠው ምልክቱን በገበያ ላይ ለሚጠቀምበት ነው። ስለዚህ አርማው ዝነኛ በሆነ ቁጥር የሚበለጽገው ባንዱ ነው፤ ሠሪው የሚደራደርበት ጊዜ ሥራውን ከማስረከቡ በፊት ያለው ብቻ ነው።

ሥዕል ግን ከፊደል የተሻለ ከለላ አለው። ከሜታል ሙዚቃ ውጭ ያለው የጆን ፓሽ ታሪክ ይህን ያሳያል። እንግሊዛዊው ንድፍ አውጪ እ.ኤ.አ. በ1970 ለሮሊንግ ስቶንስ የከንፈርና የምላስ ሥዕል ሠርቶ 50 ፓውንድ ተከፈለው፤ በ1972 ደግሞ 200 ፓውንድ ተጨመረለት። የቅጂ መብቱ በእጁ ስለነበር ከሸቀጥ ሽያጭ ድርሻ አገኘ፤ በ1984ም መብቱን ለባንዱ በ26,000 ፓውንድ ሸጠ።

ፊደል የሚቀርጸው ባለሙያ የቀረው መንገድ ብዙ መሥራት ነው። በቤልጅየም ተወልዶ በእንግሊዝ የሚኖረው ክሪስቶፍ ሽፓይዴል የዚህ ምሳሌ ነው። የደን ሳይንስ የተማረው ይህ ሰው ፊደላትን እንደ ሥርና እንደ ቅርንጫፍ እያጠላለፈ በእጁ ይሥላል፤ ከታወቁት ሥራዎቹ አንዱ የኖርዌዩ ኤምፐረር ባንድ አርማ ነው። የሠራቸው አርማዎች ከ7,000 እንደሚበልጡ ይነገራል፤ እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመው መጽሐፉም ከአነስተኛ ባንዶች ዓለም ውጭ አስተዋውቆታል። ይሁንና ደንበኞቹ በአብዛኛው አነስተኛ ባንዶች ናቸው። ብዛቱ ዝና ቢሰጥም፣ እያንዳንዱ አርማ እንደገና ከባዶ የሚጀመር ድርድር ነው።

የሦስቱ ሰዎች ታሪክ ሲነጻጸር ኑሮአቸውን የለያየው የእጃቸው ጥበብ አይደለም። ሕጉ ለሥዕል የሰጠውን ከለላ ለፊደል ነፍጓል፤ ያን ክፍተት ሊሞላ የሚችለው ውል ብቻ ነው። የሽያጭ ድርሻን የሚጠቅስ አንድ አንቀጽ ሳይጻፍ የተረከበ አርማ ለሠሪው ከስም በቀር የሚያተርፍለት የለም፤ ስሙም ቢሆን በቲሸርቱ ላይ አይታተምም።