የአሰልጣኝ እጅ፦ ከኒስካነን እስከ ወልደመስቀል ኮስትሬ

በቅርጫት ኳስ ሜዳ ላይ የአሰልጣኝን እጅ ለማየት ብዙም አይቸግርም። አምስት ሰው ነው፣ አንድ ኳስ ነው። አሰልጣኙ ጥድፊያ ከወደደ ቡድኑ ይሮጣል፤ ትዕግሥት ከወደደ ኳሷ ክፍት ሰው እስኪገኝ ድረስ ከእጅ እጅ ትዞራለች። ስለ ሩጫ ስናወራ ግን ይህን እንረሳለን። ሯጭን ብቻውን የሚሮጥ፣ ብቻውን የሚያሸንፍ፣ የደጋ አየርና የእግዜር ስጦታ ያለው ሰው አድርገን እናየዋለን። የአገራችን የሩጫ ታሪክ ግን ሌላ ነገር ነው የሚነግረን።

እስቲ ከአየሩ እንጀምር፤ ሐኪም ነኝና ይህን ማለፍ አልችልም። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። እዚህ በአንድ ትንፋሽ የምናገኘው ኦክስጅን ባሕር ዳርቻ ላይ ከሚገኘው በሩብ ያህል ያንሳል። ሰውነታችን ቀይ የደም ሴሎችን በማብዛትና በሌሎች መንገዶች ይለምደዋል። ጥቅሙ እውነት ነው፤ ሆኖም ለደገኛ ሁሉ የተሰጠ ነው። ከፍታ ብቻውን ሜዳሊያ የሚያመጣ ቢሆን ኖሮ፣ ከእኛም ከፍ ብላ የምትኖረው ቦሊቪያ እስከ 2024ቱ የፓሪስ ኦሎምፒክ ድረስ አንድም ሜዳሊያ ሳታገኝ ባልቀረች ነበር። ታዲያ ልዩነቱን ማን ፈጠረው?

አንዱ መልስ አሰልጣኝ ነው። ስዊድናዊው ኦኒ ኒስካነን አበበ ቢቂላን ያሠለጠኑት በሰዓትና በልክ ነበር። በ1960 (እ.ኤ.አ.) ሮም ላይ መንገዱን አስቀድመው አጥንተው ነበርና አበበ የአክሱም ሐውልት ከቆመበት አካባቢ ሲደርስ አመለጠ፤ በባዶ እግሩ በ2:15:16 ገባ። በ1964 ቶኪዮ ላይ ደግሞ ትርፍ አንጀቱን በቀዶ ሕክምና ካስወጣ ስድስት ሳምንት ሳይሞላው በ2:12:11 አሸነፈ። ለእኛ ለሐኪሞች ይህ አሁንም ያስገርማል። የኒስካነን ዘዴ ግን በዋናነት አንድ ሰውን ለአንድ ቀን ማዘጋጀት ነበር።

ዶክተር ወልደመስቀል ኮስትሬ የመጡት በሌላ መንገድ ነው። ሃንጋሪ ተምረው የተመለሱት እኚህ ሰው ለረጅም ዓመታት የብሔራዊ ቡድኑ ዋና አሰልጣኝ ሆነው ሠርተዋል። ቆፍጣና ነበሩ፤ ቁጣቸውን የማያውቅ አትሌት አልነበረም። ዘዴያቸው ሩጫን የቡድን ሥራ ማድረግ ነበር። ልምምዱ በጋራ ነው፤ እንጦጦ ላይ ጎህ ሲቀድ አንዱ የሌላውን እግር እያየ፣ በዛፎቹ መካከል ተከታትሎ ይሮጣል። ከፊት ያለው ንፋሱን ይሰብራል፣ ፍጥነቱንም ያስባል፤ ከኋላ ያለው ጉልበቱን ይቆጥባል። ከፊት መሆን ዕዳ ነው፤ ዕዳውን መከፋፈል ደግሞ የሚለመድ ነገር ነው።

ፍሬው የታየው በትልልቅ መድረኮች ነው። በ2003 ፓሪስ ላይ በ10,000 ሜትር ቀነኒሳ በቀለ፣ ኃይሌ ገብረሥላሴና ስለሺ ስህን ተከታትለው ሲገቡ፣ ሁለተኛው 5,000 ሜትር የተሮጠው ከ13 ደቂቃ በታች ነበር። በዓመቱ አቴንስ ላይ ኃይሌ ቁርጭምጭሚቱ አካባቢ ጅማቱን ታሞ ወደ ኋላ ሲቀር፣ ቀነኒሳና ስለሺ ዞር እያሉ ፍጥነታቸውን ቀንሰው ጠበቁት። ኃይሌ አልቻለም፤ አምስተኛ ወጣ። እነሱም ወርቅና ብሩን ወሰዱ። ለወርቅ የሚሮጥ ሰው ተፎካካሪውን የሚጠብቀው አብሮ መሮጥን ልማዱ ካደረገ ብቻ ነው።

ለእኛ ለጎጃሞች ቅርብ የሆነው ታሪክ በ2005 ሄልሲንኪ ላይ ተሠራ። በሴቶች 10,000 ሜትር ጥሩነሽ ዲባባ፣ ብርሃኔ አደሬና እጅጋየሁ ዲባባ ሦስቱንም ሜዳሊያ ጠቀለሉ። ከሳምንት በኋላ በ5,000 ሜትር ከአንድ እስከ አራት የገቡት ኢትዮጵያውያን ነበሩ፦ ጥሩነሽ፣ መሠረት ደፋር፣ እጅጋየሁ፣ መሰለች መልካሙ። አራት ሆነው መሰለፍ የቻሉት ጥሩነሽ የቀደመው ሻምፒዮና አሸናፊ ስለነበረች ነው። አራተኛዋ መሰለች የደብረ ማርቆስ ልጅ ናት። ያኔ እኛ ሕክምና ላይ ነበርን፤ ሁሉም ስለ ሦስቱ ሲያወራ ስለ አራተኛዋ ያነሳ ሰው ግን ትዝ አይለኝም። የቡድን ሥራ ዋጋ እንዲህ ነው፤ አንድ ሰው ያለ ሜዳሊያ ይቀራል። መሰለች ግን እዚያ አልቆመችም። በ2009 በ10,000 ሜትር 29:53.80 ሮጣ የአፍሪካን ክብረ ወሰን ያዘች። በዚያው ዓመት በርሊን ላይ ከኬንያዊቷ ሊኔት ማሳይ በ0.10 ሰከንድ ብቻ ተቀድማ ብር ስታገኝ፣ ሌላዋ የጎጃም ልጅ ውዴ አያሌው ነሐሱን ወሰደች።

ዶክተር ወልደመስቀል በ2016 በ69 ዓመታቸው አረፉ። ዛሬ ብዙ አትሌት በየግል አሰልጣኙና በየማናጀሩ ቡድን ይለማመዳል። ይህ በራሱ ክፉ አይደለም፤ ለአትሌቱ ነፃነትና ገቢ ሰጥቶታል። የአንድ ሰው ቁጣ ሁሉን የሚወስንበት አሠራርም ጉዳት አለው፤ አትሌቱ ሲያመው ደፍሮ አይናገርም። ደግሞም አብሮ መሮጥ ሁልጊዜ ለድል አይበቃም። በ2024 ፓሪስ ላይ ሦስቱ የእኛ ልጆች በ10,000 ሜትር እየተፈራረቁ መሩ፤ ወርቁን ግን ከኋላ ጉልበቱን ቆጥቦ የጠበቀው ኡጋንዳዊው ጆሹዋ ቼፕቴጌ ወሰደ፤ በሪሁ አረጋዊ ብር አገኘ። ዕዳውን መከፋፈል አንድ ነገር ነው፤ ማን መቼ እንደሚያመልጥ መወሰን ሌላ ነው። ይህን የሚወስነው አሰልጣኝ ነው።

ይህን ለዓመታዊው መጽሔታችን የጻፍኩት አብዛኞቻችሁ በየፊናችሁ አሰልጣኝ ስለሆናችሁ ነው። ራውንድ ላይ የሚጮህ ሲኒየር ጥያቄ የማይጠይቅ ኢንተርን ያፈራል፤ ያልተጠየቀች ጥያቄ ደግሞ በሽተኛ ላይ ትወድቃለች። ሁሉን ብቻውን የሚሠራ ሲኒየርም እሱ በሌለበት ሌሊት የሚንቀጠቀጥ ቡድን ትቶ ይሄዳል። ተማሪዎቻችን ከእኛ የሚወስዱት ከመጽሐፉ ይልቅ አረማመዳችንን ነው። ስለዚህ መምህራን ሆይ፣ ዘንድሮ ከፊት የምታሰልፉትን ተማሪ ስትመርጡ አራተኛ የሚወጣውንም አስቡት፤ ስሙንም ጥሩት።