ሐኪሙ የተናገረው፣ ሕመምተኛው ያስታወሰው

ከሐኪም ዘንድ ስትወጡ ከተነገራችሁ ምክር ውስጥ ቤት እስክትደርሱ ምን ያህሉ ከእናንተ ጋር ይቆያል? እኔ ይህን ጥያቄ ያነሳሁት ለገና በዓል ግሼ ራቤል ያሉትን አክስቴን ለመጠየቅ በሄድኩበት ጊዜ ነው።

አክስቴ የደም ግፊት እንዳለባቸው ከተነገራቸው አራት ወር ሆኗቸው ነበር። ሐኪሙ ምን እንዳላቸው ስጠይቃቸው፣ «ግፊት አለብዎ፣ ጨው ይቀንሱ አለኝ» አሉ። ሌላስ? «ሌላው እወረቀቱ ላይ አለ፤ ልጁ ያነበዋል» ብለው ከነጠላቸው ጫፍ የተቋጠረች የመድኃኒት ፖስታ ፈትተው ሰጡኝ። በላይዋ ላይ «ኢናላፕሪል» የሚል የእንግሊዝኛ ጽሑፍ፣ ከሥሩም «1×2» የሚል ምልክት አለ። የ4ኛ ክፍል ተማሪ የሆነው የልጅ ልጃቸው፣ «አንድ ሲባዛ በሁለት፣ ሁለት ነው» ብሎ ሁለቱንም ፍሬ ጠዋት በአንድ ጊዜ ሲሰጣቸው ከርሟል። ትርጉሙ ግን ጠዋት አንድ፣ ማታ አንድ ማለት ነበር። ይባስ ብሎ መድኃኒቱ ሲያልቅ፣ «ራሴንም አላመመኝ፤ ድኛለሁ» ብለው ትተውታል። የደም ግፊት ብዙ ጊዜ ስሜት የለውም። መድኃኒቱ ሲቋረጥ ግን ለስትሮክ፣ ለልብና ለኩላሊት ሕመም ይዳርጋል።

ጥናቶች ምን ይላሉ?

ችግሩ የአክስቴ ብቻ አይደለም። ሆላንዳዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ሮይ ኬሰልስ እ.ኤ.አ. በ2003 ባሳተሙት ጽሑፍ፣ ሕመምተኞች ከሚነገራቸው የሕክምና መረጃ ከ40 እስከ 80 በመቶ የሚሆነውን ወዲያውኑ እንደሚረሱት ገልጸዋል። ከሚያስታውሱት ውስጥም ግማሽ ያህሉ የተሳሳተ ነው። ለዚህም የመረጃው ብዛት፣ የሐኪሙ አነጋገር፣ የሕመምተኛው ዕድሜና ድንጋጤ ምክንያት ይሆናሉ። የደነገጠ ሰው የበሽታውን ስም ይዞ የመድኃኒቱን አወሳሰድ ይጥላል። እንግሊዛዊው ፊሊፕ ሌይ ቀደም ብለው ባደረጓቸው ጥናቶች ደግሞ በመጀመሪያ የተነገረው ነገር በኋላ ከመጣው በተሻለ እንደሚታወስ አሳይተዋል።

ታዲያ መፍትሔው ጽፎ መስጠት ነው? በእርግጥ የተጻፈ ነገር ከተነገረው በተሻለ ይቆያል። ነገር ግን ወረቀት የሚጠቅመው ለሚያነበው ሰው ነው። በ2008 ዓ.ም. በተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት፣ ከ15 እስከ 49 ዓመት ከሆናቸው ሴቶች ማንበብ የሚችሉት 42 በመቶ፣ ከወንዶቹ ደግሞ 69 በመቶ ነበሩ። በዚያ ላይ የሐኪሙ ማዘዣ ብዙውን ጊዜ መድኃኒት ቤት ይቀራል። ወደ ቤት የምትሄደው ያቺ ትንሽ ፖስታ ናት።

ስዕል ግን ሌላ ነው። አሜሪካ ውስጥ ፒተር ሃውትስና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2001 ባወጡት ጥናት፣ የንባብ ችሎታቸው ከ5ኛ ክፍል በታች የሆኑ ሰዎች ምክሩን በቃል እየሰሙ ስዕሉን አዩ። ስዕሎቹን መልሰው ሲመለከቱ ወዲያው 85 በመቶ፣ ከአራት ሳምንት በኋላም 71 በመቶውን ትርጉም አስታውሰዋል።

ምን ይደረግ?

የመንዝ፣ የግሼና የመርሐቤቴ ሰው የረሳውን ለመጠየቅ ተመልሶ መሄድ ቀላል አይሆንለትም። መሐል ሜዳ፣ «ሰዎች ለሰዎች» ያሠራው የዓለም ከተማው እናት ሆስፒታል ወይም ደብረ ብርሃን ድረስ መጓዝ ይጠበቅበታል። ስለዚህ ነገሩ እዚያው ሐኪሙ ፊት ማለቅ አለበት።

1. ከመውጣታችሁ በፊት ምክሩን በራሳችሁ ቃል መልሳችሁ ለሐኪሙ ንገሩት። ስህተት ካለ እዚያው ይታረማል።

2. በፖስታው ላይ «ጠዋት አንድ፣ ማታ አንድ» ተብሎ በአማርኛ እንዲጻፍ፣ ወይም ፀሐይና ጨረቃ እንዲሳልበት ጠይቁ።

3. መድኃኒቱ ሲያልቅ ይቁም ወይስ ይቀጥል የሚለውን ሳትጠይቁ አትውጡ። የምትጾሙ ከሆነም ተናገሩ።

4. የቀጠሮውን ቀን ከሚታወቅ በዓል ጋር አያይዙት። 12 የሚረሳ ሰው ሚካኤልን አይረሳም።

5. አረጋውያንን ብቻቸውን አትላኩ። በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በየቀበሌው ባለሙያዎችን መድቧልና ወረቀቱን ለእነርሱም አሳዩ።

አክስቴን እንደገና ሐኪም ዘንድ ስንወስዳቸው ግፊታቸው አሁንም ከፍ ያለ ነበር፤ መድኃኒቱንም እንደ አዲስ ጀመሩ። አሁን ፖስታቸው ላይ ፀሐይና ጨረቃ አለ። በቅርቡ ስልክ ደውዬ ቀጠሯቸው መቼ እንደሆነ ብጠይቃቸው፣ ልጁን ሳይጠሩ «የሚካኤል ዕለት ነው» አሉኝ።