በጎችን በመድኃኒት ውኃ ማጥለቅ፦ ከዝግጅት እስከ ማስወገድ ሊወሰዱ የሚገባቸው ጥንቃቄዎች

በግ በመስክ ላይ ሲግጥ ጤነኛ ሊመስል ይችላል። ቆዳው ፋብሪካ ገብቶ ፀጉሩ ሲነሣ ግን በጥቃቅን እብጠትና ጠባሳ ተወርሮ ይገኛል። በቆዳው ዘርፍ "እከክ" በሚል ስም የሚታወቀው ይህ ጉዳት በዋናነት የሚከሰተው የበግ ቅማልና ኬድ በሚባል ክንፍ አልባ ደም መጣጭ ዝንብ ምክንያት ነው። ኬድ ከመዥገር ጋር ቢመሳሰልም የእግሮቹ ብዛት ስድስት በመሆኑ ስምንት እግር ካለው መዥገር ይለያል። በእነዚህ ተባዮች የተወረረ በግ ዘወትር ይታከካል፣ ፀጉሩ ይረግፋል፣ ክብደቱም ይቀንሳል።

ተባዮቹን ለመከላከል ከሚያገለግሉት መንገዶች አንዱ በጉን ፀረ ተባይ በተበጠበጠበት ውኃ ውስጥ ማጥለቅ ነው። ለዚህ ከሚውሉት መድኃኒቶች መካከል ዲያዚኖን ይገኝበታል። መድኃኒቱ ለተባዩ ብቻ ሳይሆን ለበጉም፣ ለሰውም፣ ለንብና ለዓሣም መርዝ ስለሆነ ሥራው በእንስሳት ጤና ባለሙያ ምክር መከናወን አለበት።

መድኃኒቱን መምረጥና መመጠን

ለማጥለቅ የሚውለው ለእንስሳት ተብሎ የተዘጋጀ መድኃኒት ብቻ ነው። ለሰብል ተባይ የተገዛ ኬሚካል በበግ ላይ ማፍሰስ እንስሳውንም ባለቤቱንም ለሞት ሊዳርግ ይችላል።

መጠኑ የሚወሰነው በዕቃው ላይ ባለው ጽሑፍ ነው። ለምሳሌ ጽሑፉ ለ1 ሊትር ውኃ 1 ሚሊ ሊትር የሚል ከሆነ፣ 150 ሊትር ውኃ ለያዘ በርሜል የሚጨመረው 150 ሚሊ ሊትር ነው። ይህም በመለኪያ እንጂ በቆርኪ ወይም በዓይን ግምት መሆን የለበትም። የበዛ መድኃኒት በጉን ይመርዛል፤ ያነሰው ደግሞ ተባዩን ሳይገድል ይቀርና መድኃኒቱን እንዲላመድ ያደርገዋል።

ከማጥለቅ በፊት

ፀሐያማና ነፋስ የማይበዛበት ቀን ይመረጣል። ሥራው ማለዳ ተጀምሮ ረፋድ ላይ ቢጠናቀቅ በጎቹ ብርድ ሳይመጣ ይደርቃሉ። ይህ በተለይ እንደ መንዝ ባሉ ቀዝቃዛ ደጋማ አካባቢዎች ለሚረቡ፣ ፀጉራቸው ረጅም ለሆነ በጎች አስፈላጊ ነው። ዝናብ በሚያሰጋበት ቀን ማጥለቅ መድኃኒቱ ታጥቦ እንዲሄድ ያደርጋል።

በጎቹ ከመጥለቃቸው በፊት ዐርፈው ንጹሕ ውኃ መጠጣት አለባቸው። የጠማው በግ የመድኃኒቱን ውኃ ይጠጣልና። ቁስል ያለባቸው፣ የታመሙ፣ የመውለጃ ጊዜያቸው የተቃረበ በጎችና ከአንድ ወር በታች የሆኑ ግልገሎች አይጠለቁም። ለእነዚህ ሌላ ሕክምና ባለሙያ ይመርጥላቸዋል።

በማጥለቅ ጊዜ

የሚያጠልቀው ሰው ጓንት፣ ቦቲ ጫማ፣ እጀ ረጅም ልብስና የአፍና አፍንጫ መሸፈኛ ሊያደርግ ይገባል። ሥራው እስኪያበቃና ሰውነቱን በሳሙና እስኪታጠብ ድረስ መብላት፣ መጠጣትና ማጨስ የለበትም። ሕፃናትና ነፍሰ ጡሮችም ከቦታው መራቅ አለባቸው።

በጉ አይወረወርም፤ በኋላ እግሮቹ በኩል በቀስታ ይወርዳል። ሰውነቱ እስከ አንገቱ ገብቶ፣ ፀጉሩ እስከ ቆዳው እስኪርስ ድረስ መድኃኒቱ በሚያዘው ጊዜ ልክ ይቆያል። ከዚያም አፍና አፍንጫው ለቅጽበት ተይዞ ጭንቅላቱ ይነከርና ወዲያውኑ ይወጣል።

እያንዳንዱ በግ በፀጉሩ መድኃኒት ይዞ ስለሚወጣ የውኃው ኃይል እየደከመ ይሄዳል። የጎደለውን በባዶ ውኃ መሙላት መጨረሻ ላይ የሚጠለቁትን በጎች ሕክምና ዋጋ ያሳጣል። መሙያው በጽሑፉ በታዘዘው መጠን መበጥበጥ አለበት። በበጠጥና በጭቃ የደፈረሰ ውኃም ይለወጣል።

ከማጥለቅ በኋላ

በጎቹ ነፋሻ ጥላ ሥር እስኪደርቁ ይቆያሉ። በሚንጠባጠበው ውኃ የረጠበ ሣር እንዲግጡ አይፈቀድም። ግልገሎችም የእናታቸው ጡት ታጥቦ እስኪደርቅ ከመጥባት ይታገዳሉ። ለበዓል ገበያ የታሰበ በግ ካለ፣ ከመታረዱ በፊት ሊያልፍ የሚገባው የቀን ብዛት በመድኃኒቱ ጽሑፍ ላይ ሰፍሯልና አስቀድሞ ማስላት ያስፈልጋል።

መድኃኒቱ የቅማልን እንቁላል አይገድልም። በመሆኑም ከእንቁላል የሚፈለፈሉትን ለማጥፋት በ14ኛው ቀን ገደማ መድገም የተለመደ ነው። ኬድ ካለ የድግግሞሹን ጊዜ ባለሙያው ይወስናል።

የመመረዝ ምልክቶች

በእንስሳ ላይ የምራቅ መብዛት፣ ተቅማጥ፣ የጡንቻ መንቀጥቀጥና የመተንፈስ ችግር ይታያል። በሰው ላይ ደግሞ ራስ ምታት፣ ላብ፣ ማስመለስ፣ የዓይን ብዥታና የትንፋሽ ማጠር ሊከሰት ይችላል። የተመረዘ ሰው ልብሱ ወልቆ ሰውነቱ በውኃና በሳሙና ይታጠባል፤ ከመድኃኒቱ ዕቃ ጋርም በፍጥነት ወደ ጤና ተቋም ይወሰዳል። አትሮፒን የተባለው ማርከሻ የሚሰጠው በባለሙያ ብቻ ነው። ወተት እየተጋቱ ቤት መቆየት ሕክምናውን ያዘገያል።

የተረፈውን ማስወገድ

የተረፈው የመድኃኒት ውኃ ወደ ወንዝ፣ ምንጭ፣ ኩሬ ወይም ሐይቅ አይደፋም። በጥቂቱ እንኳ ዓሣን ይፈጃል፤ ከወንዙ በታች ለሚጠጡ ሰዎችና ከብቶችም አደጋ ነው። የሚወገድበት ቦታ ከውኃ አካል፣ ከግጦሽና ከንብ ቀፎ የራቀ መሆን ስላለበት ከባለሙያ ጋር አስቀድሞ ይመረጣል። ባዶው ጀሪካን ወይም ጠርሙስ ምንም ያህል ቢታጠብ ለውኃ፣ ለዘይትም ሆነ ለጠላ መያዣ አይሆንም። ተበስቶ ከጥቅም ውጪ መደረግ አለበት።

ቅማልና ኬድ ከበግ ወደ በግ በንክኪ ይተላለፋሉ። አንድ አርሶ አደር ብቻውን በጎቹን አጥልቆ ከጎረቤት መንጋ ጋር በአንድ መስክ ቢያሰማራ፣ ተባዩ ተመልሶ ይመጣል። ስለዚህ በጋራ ግጦሽ የሚጠቀሙ አባወራዎችና እማወራዎች ቀን ቆርጠው፣ የቀበሌያቸውን የእንስሳት ጤና ባለሙያ ይዘው፣ በጎቻቸውን በአንድ ጊዜ ቢያጠልቁ ወጪውም ድካሙም ፍሬ ያፈራል።