ማህተም የሌለው ብረት

አሮጌ የብረት መጋገሪያ ሰብሳቢዎች የሚመሩበት ደንብ በአብዛኛው ከአሜሪካ የመጣ ነው። ዕቃው ይገለበጥና ታቹ ይታያል፤ የፋብሪካው ስም፣ ቁጥሩና የፊደሉ አጣጣል ዕድሜውን ይናገራሉ። በፔንስልቬንያ ኢሪ ከተማ ከ1865 ጀምሮ እስከ 1957 ሲሠራ የኖረው ግሪስወልድ (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ዛሬም ዋጋ የሚያወጣው በዚሁ ማህተሙ ነው። ማህተም ባይኖረው እንኳ ታቹ ላይ የተጋደመ ጠባሳ ካለ፣ የቀለጠው ብረት ወደ አሸዋው ቅርጽ የገባበት በር ነውና ከ1900 በፊት የተሠራ ሳይሆን አይቀርም ይባላል። ይህን ደንብ ይዞ በቤይሩት የባስታን የአሮጌ ዕቃ ሱቆች ወይም በወንዙ ዳር ያለውን የእሁድ ገበያ የሚያስስ ሰው ግን የከተማዋን የታወቀ መጋገሪያ ሳያየው ያልፋል። ሳጅ ማህተም የለውም። እንደ ጋሻ ወደ ላይ ያበጠ ክብ የብረት ሳህን ነው፤ ማርቁቅ የሚባለው ስስ ቂጣ፣ ዛታርና ዘይት የተቀባው መንኡሼም ይጋገርበታል። የመንኡሼ ሙያ በ2023 በዩኔስኮ መዝገብ ሰፍሯል፤ የሚጋገርበት ብረት ግን በሰብሳቢዎች ደንብ ስም የለሽ ነው። በእኔ አስተያየት መጋገሪያ የሚታወቀው በሠሪው ስም ሳይሆን በተሠራለት እሳት ነው፤ አጸዳዱም ከዚያው ይከተላል።

ሳጅ ለምን ቀልጦ በቅርጽ አልፈሰሰም? ሊባኖሶች ማቅለጥ ስላላወቁ አይደለም። ከቤይሩት ከፍ ብላ በመትን ተራራ ያለችው ቤት ሸባብ በደወል ሠሪዎቿ የታወቀች ናት፤ እዚያ ነሐስ እየቀለጠ የቤተ ክርስቲያን ደወል ሲሆን ኖሯል። እርግጥ የደወል ነሐስ ለመቅለጥ 950 ዲግሪ ገደማ ሲበቃው፣ በቅርጽ የሚፈስ ብረት 1150 ዲግሪ አካባቢ ይፈልጋል፤ ስለዚህ ጉዳዩ የምድጃ አቅም ነው ሊባል ይችላል። መልሱ ግን አያጠግብም። ፈረንሳይ ሊባኖስን በሞግዚትነት ባስተዳደረችበት ዘመን፣ በ1925፣ ሌ ክሩዜ የተባለው ፋብሪካ በኢናሜል የተለበጠ ወፍራም የብረት ድስት ሰሜን ፈረንሳይ ውስጥ መሥራት ጀምሯል፤ ከዚያም ወዲህ ሳጅ ስስ እንደሆነ ቀረ። ምክንያቱ ማገዶው ነው። ወፍራም ብረት እስኪግል ጊዜና እንጨት ይፈጃል፤ አንዴ ከጋለ ግን ሙቀቱን ይዞ ይቆያል፤ ለኬክና ለዳቦ የሚስማማው ለዚህ ነው። ስስ ቂጣ የሚፈልገው ሌላ ነው፤ በጭራሮ ቶሎ የሚግል፣ እሳቱ ሲቀንስለትም ቶሎ የሚበርድ። እንጨቱን የሚቆጥብ የተራራ መንደር ሰው ወፍራሙን ቢያገኝም አይመርጠውም።

ማህተም ከሌለ የትናንቱን ከመቶ ዓመቱ በምን እንለያለን የሚል ይኖራል። ተገቢ ጥያቄ ነው፤ ሳጅ ዓመተ ምሕረት አይነግረንም። የተሠራበትን ዘዴ ግን አይደብቅም። መብራት ከጎኑ ዝቅ ተደርጎ ሲበራበት፣ በመዶሻ የተቀጠቀጠው ጎርበጥ ጎርበጥ ያለ ጥላ ያሳያል፤ በማሽን የተጨመቀው ከጫፍ እስከ ጫፍ ልሙጥ ነው። እጀታው በሪቬት ተመትቶ እንደሆነና በብየዳ ተለጥፎ እንደሆነም ይታያል፤ የኤሌክትሪክ ብየዳ ተራው አንጥረኛ እጅ የገባው በ20ኛው መቶ ዘመን ነውና። እጀታ ይቀየራል፣ በእሱ ብቻ መማል አይገባም። መካከሉ ከዳሩ ይልቅ ሳስቶ ከተገኘ ብዙ እሳት አይቶ ሊሆን ይችላል። ጥቁረቱ ግን ምንም አይመሰክርም፤ አዲስ ሳጅም ብዙ ሳይቆይ ይጠቁራል።

ጽዳት ላይ ሰብሳቢዎች የሚያዙት አንድ ነገር ነው፦ እስከ ግራጫው ብረት ይገፈፍ። በቅርጽ ለፈሰሰው ወፍራም ብረት ልክ ናቸው። በውኃ በተበጠበጠ ኮስቲክ ሶዳ ውስጥ ለቀናት ሲዘፈዘፍ ያረረው ቅባት ይለቃል፣ ብረቱ አይነካም። (ያለ ጓንትና ያለ መነጽር ኮስቲክ ሶዳ መንካት ግን ዓይንን ለአደጋ መስጠት ነው።) የቀረው ዝገት እኩል ውኃ በገባበት ኮምጣጤ ለአጭር ጊዜ ተነክሮ ይፈተጋል፤ ከተረሳ ኮምጣጤው ብረቱን ራሱን ይበላል። እሳት ውስጥ ጥሎ ማቃጠል ፈጽሞ አይደረግም፤ ዕቃው ይጣመማል፣ የማይለቅ ቀላ ያለ መልክም ይይዛል። ሳጅን እንዲህ መግፈፍ ግን ምን ያተርፋል? ከሥሩ የሚነበብ ፊደል የለም። የሚጠፋው ግን አለ፤ ዘይት በጋለ ብረት ላይ እየደረቀ የሠራው ስስ ልባስ። ምጣድ በጎመን ዘር ያሟሸች ሴት ይህን ልባስ ታውቀዋለች፤ ሸክላና ብረት ቢለያዩም ዘይቱ በሙቀት ጠንክሮ ገጹን ማለስለሱ ያው ነው። ቆሻሻን ልባስ ብሎ ማሞገስ ነው ለሚሉ ደግሞ መለያው ቀላል ነው። ዘይት በነካ ጨርቅ ሲታሽ ጥቁሩ እየለቀቀ ከመጣ ጥላሸት ነውና ይነሳ፤ ጨርቁ ንጹሕ ከወጣ ይቆይ። እሳት በሚመታው በውስጥ ገጹ የተከመረውን በሽቦ ብሩሽ መፈግፈግ ምንም አይጎዳም።

ነገሩን ከሁሉ አጥርቶ የሚያሳየው ግን እንጀራ ነው። የእርስ በርስ ጦርነቱ በ1990 ካበቃ ወዲህ በቤት ሠራተኝነት ቤይሩት የገቡት ኢትዮጵያውያት ብዙ ናቸው፤ ከ1915ቱ እልቂት የተረፉ አርመኖች ባቀኗት ቡርጅ ሐሙድና በጎረቤቷ ዶራ የሐበሻ ምግብ ቤትና ሱቅ አለ። ሳጅ በየመንገዱ ሞልቶ ሳለ እንጀራ አይጋገርበትም፤ ሊጡ ከጉብታው ይወርዳል፣ ቢገለበጥ መሐሉ ላይ ይጠራቀማል፣ አክንባሎም አይገጥምለትም። የኤሌክትሪክ ምጣድ ይሻል ነበር፤ ቮልቱም እንደ አገር ቤቱ 220 ነው። ምጣዱ ግን 3500 ዋት ገደማ፣ ማለትም 16 አምፔር ያህል ይጠይቃል። ከ2019ኙ ቀውስ በኋላ የመንግሥት መብራት በቀን ወደ ጥቂት ሰዓት ወርዶ ብዙው ቤት በሰፈር ጄኔሬተር ላይ ወደቀ፤ የተለመደው ውል ደግሞ 5 አምፔር ነው፣ 1100 ዋት። መብራት በጠፋበት ሰዓት የሚቀረው ጋዝና ጠፍጣፋ መጥበሻ ነው፤ ገበያ ላይ በቀላሉ የሚገኘውም የማያጣብቅ ቅብ ያለው ጥቁር አሉሚኒየም ነው። ሠሪው በስም ቢታወቅም እንጀራ የተጋገረበት ለምን እንደሆነ ማህተሙ አይነግርም፤ የአምፔሩ ሂሳብ ግን ይነግራል። ጥቁረቱን አይቶ ብረት ነው ብሎ ኮስቲክ ሶዳ ውስጥ የሚዘፈዝፈው ሰው ደግሞ አረፋው ሲነሳ ያያል፤ አሉሚኒየም በኮስቲክ ሶዳ ይሟሟል። መጀመሪያ ማግኔት ማስጠጋት ነበረበት።