ድምቀት መቀነስ የማን ፈጠራ ነው?

የታክሲ ረዳት «ለቡ መብራት! ለቡ መብራት!» ብሎ ሲጣራ ስለ ሰፈሩ ነው የሚያወራው። እኛ ዛሬ የምናወራው ግን ቃል በቃል ስለ መብራቱ ነው። በተለይም ማታ ማታ በየሱቁ ደጃፍ «ፋርማሲ»፣ «ሞባይል ጥገና»፣ «ትኩስ ዳቦ» እያሉ ፊደል ስለሚያስሮጡት የኤልኢዲ ሰሌዳዎች። አንዳንዱ ሰሌዳ ቀን በፀሐይ ይነበባል፣ ሲመሽ ደግሞ ራሱን ቀዝቀዝ ያደርጋል። አንዳንዱ ግን የቀኑን ድምቀት እንደያዘ ያመሽና የአላፊ አግዳሚውን ዓይን ይወጋል።

እስቲ አንድ ነገር እናስብ። ለቡ የምትኖር አንዲት ተማሪ ሲመሽ ራሱን የሚያደበዝዝ ሰሌዳ ሠራች እንበል። ሠርታም ዝም አላለችም፤ «ፓተንት ይሰጠኝ» ብላ አመለከተች። መርማሪው ምን ይላታል? ጥያቄው ቀላል ይመስላል። መልሱ ጋ ለመድረስ ግን ሁለት መቶ ዓመት ገደማ ወደ ኋላ መሄድ አለብን። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች፣ «ዓ.ም.» ካላልን በቀር፣ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

በመጀመሪያ ሰሌዳውን ከፍተን እንየው። አዲስ አበባ ውስጥ በብዛት የምታዩት ዓይነት «ፒ 10» ይባላል። ቁጥሩ ከአንዱ ነጥብ እስከ ሌላው 10 ሚሊ ሜትር አለ ማለት ነው። አንዱ ቁራጭ በቁመት 16፣ በወርድ 32፣ በድምሩ 512 የብርሃን ነጥቦች አሉት። እነዚህን ለማደብዘዝ ቶሎ ወደ ሐሳብ የሚመጣው የሚገባላቸውን ኤሌክትሪክ መቀነስ ነው። ኤልኢዲ ግን እንደ ድሮው አምፖል አይደለም። ቮልቴጁ ትንሽ ዝቅ ሲል በውስጡ የሚያልፈው ከረንት በጣም ያሽቆለቁላል፣ ቀለሙም ሊዛባ ይችላል። ስለዚህ መሐንዲሶች ሌላ ዘዴ አላቸው፤ መብራቱን ሙሉ በሙሉ ያበሩታል፣ ከዚያ ሙሉ በሙሉ ያጠፉታል፣ ይህንንም በሴኮንድ በመቶዎች ወይም በሺዎች ለሚቆጠር ጊዜ ይደጋግሙታል። ከጊዜው ሩቡን በርቶ ሦስት ሩቡን ከጠፋ፣ ዓይናችን የሚያየው የሙሉውን ሩብ ብርሃን ነው። ዘዴው ፐልስ ዊድዝ ሞጁሌሽን ይባላል። ስሙ ይክበድ እንጂ ነገሩ ማብራትና ማጥፋት ብቻ ነው።

ማመን ካልፈለጋችሁ ሞክሩት። ማታ አንዱ ሰሌዳ ፊት ቆማችሁ እርሳስ በፍጥነት አወዛውዙ። እርሳሱ እንደ ደመና ሳይሆን ተቆራርጦ፣ ብዙ እርሳስ ሆኖ ከታያችሁ፣ መብራቱ እየበራ እየጠፋ ነው ማለት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። ብርሃኑን በግማሽ ብትቀንሱት ለዓይን ግማሽ አይመስልም፤ ዓይናችን ለደብዛዛ ብርሃን ስስ ነው። ግማሽ እንዲመስል ወደ አንድ አምስተኛ ገደማ መውረድ አለበት። ስለዚህ በደህና ሰሌዳ ውስጥ ይህን የሚያስተካክል ቀመር ተቀምጧል። ቀመሩን እንዳትረሱት፣ መርማሪው ጋ ስንደርስ ያስፈልገናል።

ታዲያ ይህን ብልሃት ማን አገኘው? ዓይን ፈጣን ብልጭታዎችን አማክሎ እንደሚያይ እንግሊዛዊው ዊልያም ሄንሪ ፎክስ ታልቦት በ1834 ጽፏል። ቤልጅጋዊው ጆሴፍ ፕላቶ ደግሞ በዓመቱ ነገሩን አጠናከረው፤ ሕጉም በሁለቱ ስም ይጠራል። ጥቁርና ነጭ የተከፋፈለ ክብ ሰሌዳ በፍጥነት ሲሽከረከር ግራጫ የሚመስለው በዚሁ ምክንያት ነው። ይህ ሁሉ ኤልኢዲ ከመፈልሰፉ በፊት፣ እንዲያውም ቤቶች በኤሌክትሪክ መብራት መብራት ከመጀመራቸው በፊት መሆኑ ነው። ታልቦት ፓተንት የማያውቅ ሰው እንዳይመስላችሁ። በ1841 ለፎቶግራፍ ዘዴው ፓተንት አውጥቶ፣ ያለ ፈቃዴ ተጠቀሙ ያላቸውን ሰዎች ፍርድ ቤት ድረስ የጎተተ ሰው ነው። ዓይን ብርሃንን እንዴት እንደሚያማክል ግን የማንም ንብረት ሊሆን አይችልም። እሱ ያገኘው የተፈጥሮ ሕግ ነው፣ መሣሪያ አይደለም።

ወደ ፓተንቱ እንምጣ። ቃሉ የመጣው «ክፍት» ከሚል የላቲን ቃል ነው። ንጉሥ ለአንድ ሰው መብት ሲሰጥ ማኅተሙ ሳይሰበር ማንም ሊያነበው የሚችል ክፍት ደብዳቤ ይጽፍለት ነበር። ለፈጣሪዎች የሚሆን ሕግ ቬኒስ በ1474 አወጣች። በእኛም አገር የዚህ ዘመድ የሆነ ነገር አለ። አፄ ምኒልክ በ1894 ለስዊዘርላንዳዊው መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ የባቡር ሐዲድ እንዲሠራ የ99 ዓመት መብት ሰጥተውታል። ፓተንት አልነበረም፤ ኢልግ ባቡርን ፈጠርኩ አላለም። ግን የድሮው አሠራር ጠባይ ይታይበታል፣ መብቱ የሚመነጨው ከሰጪው ፈቃድ ነው። «ይህ ነገር በእርግጥ አዲስ ነው ወይ?» ብሎ የሚመረምር ቢሮ የለም።

ምርመራ ራሱ ፈጠራ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። አሜሪካ በ1790 ምርመራ ጀመረች። ከመርማሪዎቹ አንዱ በኋላ ፕሬዚዳንት የሆነው ቶማስ ጄፈርሰን ነበር። ባለሥልጣናቱ ግን ሥራው ስለበዛባቸው በ1793 ነገሩ ወደ ምዝገባ ተለወጠ፤ ክፍያውን ከፈልክ፣ ወረቀቱን አስገባህ፣ በቃ ፓተንት አለህ። ውጤቱ መገመት አያቅትም። አንዱን ነገር ሁለትና ሦስት ሰው ያስመዘግባል፣ አንዳንዱ የሌላውን ሥራ ገልብጦ መልሶ ባለቤቱን ያስፈራራበታል። በዚህ የተማረሩት ሴናተር ጆን ራግልስ የገፉት ሕግ በ1836 ጸደቀና ምርመራ ተመለሰ፤ ቁጥሩም እንደገና ከአንድ ጀመረ። ፓተንት ቁጥር 1 ለማን ደረሰ? ለራሳቸው ለራግልስ! ፈጠራቸውም ዳገት ላይ እንዳይንሸራተት የታሰበ የባቡር ጎማ ነው። ከባሕር ጠረፍ ተነስቶ አዲስ አበባ ድረስ ሽቅብ የሚወጣው ባቡር የሚያርፈው ለቡ ጣቢያ በመሆኑ፣ የለቡ ልጆች ይህን ጎማ እንደ ሩቅ ዘመድ ሊቆጥሩት ይችላሉ።

ኤልኢዲም ምርመራ ፊት ቀርቧል። በሶቪየት ኅብረት ኦሌግ ሎሴቭ ከክሪስታል የሚወጣ ብርሃን አይቶ በ1927 ለ«ብርሃን ሪሌይ» የፓተንት ማመልከቻ አስገባ፤ ብዙ ሰው ሳያስተውለው አለፈ። በ1962 የቴክሳስ ኢንስትሩመንትስ ባልደረቦች ጀምስ ቢያርድና ጋሪ ፒትማን ዓይን የማያየው የኢንፍራሬድ ብርሃን የሚሰጥ ኤልኢዲ ይዘው አመለከቱ። ጄነራል ኤሌክትሪክ፣ አይቢኤም፣ ቤል እና ሌሎች ቤተ ሙከራዎችም በዚያው መንገድ ላይ ነበሩ። መርማሪዎቹ ማንን ሰሙ? ቀን በቀን የተጻፈውን የሥራ ደብተር። የቢያርድና የፒትማን ደብተር ቀደም ያለ ቀን ስለነበረው ፓተንቱ በ1966 ለእነሱ ተሰጠ። (በእኛ ሕግ ደብተሩ ይህን ያህል አያድንም። ሁለት ሰዎች ሳይነጋገሩ አንድ ነገር ከፈጠሩ መብቱ ቀድሞ ያመለከተው ነው።)

የድምቀት ነገር ሞቅ ያለው ከዚያ በኋላ ነው። ከለር ካይኔቲክስ የተባለ የአሜሪካ ኩባንያ በ1997 አመልክቶ በ2000 ያገኘው ፓተንት፣ ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ኤልኢዲዎችን በኮምፒውተር እያዘዘ፣ በማብራትና በማጥፋት ብቻ የፈለገውን ቀለምና ድምቀት ስለማውጣት ነው። ተፎካካሪው ሱፐር ቪዥን «ይህ እኮ ድሮም የነበረ ነው» ብሎ ተከራከረ። እንደ እኔ ክርክሩ ሞኝነት አልነበረም፤ ታልቦትን አይተናል፣ ማብራትና ማጥፋቱም አሮጌ ነው። ሆኖም የቦስተኑ ፌዴራል ፍርድ ቤት በ2005 ለከለር ካይኔቲክስ ፈረደ። ኩባንያው «ማብራትና ማጥፋት የኔ ነው» አላለምና። የያዘው የተወሰነ ቅንጅትን ነው፤ እነዚህ ኤልኢዲዎች፣ ከዚህ መቆጣጠሪያ ጋር፣ በዚህ አድራሻ ታዘው። ፓተንት ውስጥ ዋናው ክፍል ይኸው አጥሩን የሚያሰምረው ዓረፍተ ነገር ነው፣ «የይገባኛል ጥያቄ» ይሉታል። አጥሩ ሲሰፋ አሮጌ ነገር ይገባበትና ይፈርሳል። ሲጠብ ደግሞ ጎረቤት በቀላሉ ዞሮት ያልፋል።

አጥር ከመጠን በላይ ሲሰፋ ምን እንደሚመጣ እኛ ኢትዮጵያውያን በጤፍ አይተነዋል። በ2007 የአውሮፓ ፓተንት ቢሮ ለአንድ የኔዘርላንድስ ኩባንያ በጤፍ ዱቄት ላይ ፓተንት ሰጠ። ፓተንቱ የተንጠለጠለው ጤፉ ከታጨደ በኋላ በቂ ጊዜ ቆይቶ በመፈጨቱና በዚያ ምክንያት ዱቄቱ በሚያሳየው አንድ ልኬት ላይ ነበር። እህል አሳድሮ ማስፈጨትን ለእናቶቻችን ማን ሊያስተምራቸው ነው! ያም ሆኖ ወረቀቱ ከአሥር ዓመት በላይ ቆመ። የወደቀው በኖቬምበር 2018 ነው፤ ሁለት የኔዘርላንድስ ኩባንያዎች ተካሰው፣ የሄግ ፍርድ ቤት «ለባለሙያ ግልጽ የሆነ ነገር ነው፣ ፈጠራ የለበትም» አለ። መርማሪ ጠረጴዛ ላይ ያለፈ ጥያቄ ፍርድ ቤት ውስጥ ምን ያህል ዘመን እንደሚፈጅ ከዚህ በላይ ምሳሌ አልፈልግም።

እንግዲህ ወደ ለቡዋ ተማሪ። በአገራችን ራሱን የቻለ የፓተንት ሕግ የመጣው በአዋጅ ቁጥር 123/1987 ነው፤ ይህ በእኛው አቆጣጠር ነው። ሥራው መጀመሪያ በሳይንስና ቴክኖሎጂ ኮሚሽን ሥር ነበር፣ በ1995 ዓ.ም. የአእምሯዊ ንብረት ጽሕፈት ቤት ተቋቋመለት፣ ዛሬ ባለሥልጣን ሆኗል። አዋጁ ሦስት ነገር ይጠይቃል፤ ፈጠራው አዲስ ይሁን፣ ለሙያው ሰው ግልጽ የሆነ ዓይነት አይሁን፣ በሥራ ላይ ይዋል። «አዲስ» ሲል ደግሞ ለለቡ ወይም ለኢትዮጵያ አዲስ ማለቱ አይደለም፤ በዓለም የትም ቦታ ያልታወቀ ማለቱ ነው።

መርማሪው የተማሪዋን ማመልከቻ ይገልጣል። ብርሃን የሚለካ ትንሽ ሴንሰር አለ፤ የታወቀ። ማብራትና ማጥፋቱ አለ፤ የታወቀ። ሁለቱን ማገናኘት? ስልካችሁ ሲጨልም ራሱን የሚያደበዝዘው በዚሁ ነው። ያ ለዓይን የሚያስተካክለው ቀመር? አዋጁ የሒሳብ ዘዴን ከፓተንት ውጭ አድርጎታል። በማይክሮኮንትሮለሩ ላይ የጻፈችው ኮድ? የኮምፒውተር ፕሮግራምም እንደዚያው። ወረቀቱ እየሳሳ መጣ።

ግን ቆይ፣ ሰሌዳዋ ሌላም ነገር ያደርጋል እንበል። መብራት ሲጠፋ ወደ ባትሪ ይዞርና የቀረውን ኃይል እየለካ ይደበዝዛል። ባትሪው ሲዳከም ደግሞ ጌጡንና ስልክ ቁጥሩን አጥፍቶ «ፋርማሲ» የሚለውን ቃል ብቻ እስከ መጨረሻው እንዲነበብ ያደርጋል፤ ይህንንም የሚሠራው ረድፎቹን በሚያገናኝ እሷ በቀየሰችው ሽቦ ነው። አሁን መርማሪው ቀና ይላል። ቀመር ብቻ አይደለም፣ የሚዳሰስ መሣሪያ ነው፣ የሚፈታውም ችግር የራሱ የለቡ ችግር ነው። ፍለጋው ተመሳሳይ ነገር ካላወጣ መንገድ አላት። ለሙያው ሰው ግልጽ አይደለም ከተባለ 15 ዓመት የሚቆይ ፓተንት ታገኛለች፤ ፈጠራው እዚሁ አገር በአግባቡ ሥራ ላይ ከዋለ 5 ዓመት ይጨመርለታል። ያን ያህል ካልመጠቀ ደግሞ ለአነስተኛ ፈጠራ የሚሰጠው የግልጋሎት ሞዴል ሰርተፍኬት አለ። 5 ዓመት ይቆያል፣ ለሌላ 5 ይታደሳል፤ የ«ግልጽ አይደለም» ፈተናም የለበትም። ለብዙ ወጣት ፈጣሪዎች የሚበጀው ይኼኛው ይመስለኛል፣ የሚያስታውሰው ሰው ግን ጥቂት ነው።

አንድ የቀረ ነገር አለ። ተማሪዋ ሰሌዳውን ሠርታ በጨረሰችበት ምሽት ቪዲዮ ቀርጻ፣ ውስጡን እያሳየች ቲክቶክ ላይ ለቅቃለች። ቪዲዮው ይፋ የወጣ መረጃ ነው። የእኛ አዋጅ አመልካች ራሱ ይፋ ያደረገውን 12 ወር ድረስ ይታገሣል፤ የአውሮፓ ሕግ ግን ይህን እፎይታ አይሰጣትም። መርማሪው ቪዲዮውን ካገኘው መጀመሪያ የሚያየው የተጫነበትን ቀን ነው።