ንባብና የሰው ሕይወት፤ ከእንጦጦ ብራና እስከ ኮምፒዩተር ዘመን

ሰው በተፈጥሮው የሚኖረው አንድ ዕድሜ ብቻ ነው። ማንበብን የለመደ ሰው ግን ከእርሱ በፊት የኖሩትን ሰዎች ድካም፣ ምክርና ስሕተት ሳይቀር ወደ ራሱ ዕድሜ ይጨምራል። ስለዚህ የአንድ ሕዝብ የንባብ ታሪክ ሲጻፍ፣ የመጻሕፍቱን ብዛት ከመቍጠር አልፎ፣ ንባቡ የአንባቢውን አኗኗር እንዴት እንደ ለወጠው መመርመር ይገባል። ዛሬ ጽሑፍ በወረቀት ብቻ ሳይሆን በእጅ ስልክ መስተዋት ላይ በሚነበብበት ጊዜ፣ አንዳንዱ አዲሱ መሣሪያ ንባብን አጠፋው ሲል ያዝናል፤ ሌላው ደግሞ ዕውቀትን ለሁሉ አዳረሰ ሲል ያመሰግነዋል። ሁለቱን አሳቦች ለመመዘን የካንና የእንጦጦን ኮረብቶች መመልከት ይበቃል። ብራናውም፣ አዲሱ ትምህርት ቤትም፣ ከሰማይ ምስል የሚቀበለው ጣቢያም በየዘመናቸው በዚህ አካባቢ ታይተዋልና።

የካ ከአዲስ አበባ መቈርቈር አስቀድሞ የጸሎት ስፍራ ነበረ፤ ከአለት የተፈለፈለው ዋሻ ሚካኤል ለዚህ ምስክር ነው። ዳግማዊ ምኒልክም መቀመጫቸውን በእንጦጦ ባደረጉ ጊዜ የማርያምና የራጉኤል አብያተ ክርስቲያናት ተሠሩ፤ ንጉሠ ነገሥቱ ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. ዘውድ የጫኑትም በእንጦጦ ማርያም ነው። በዚያ ዘመን መጽሐፍ ማለት ብራና ነበረ። የፍየሉ ቆዳ ተወጥሮ፣ ተፍቆና ተሰምሮ፣ ቀለሙም ከጥላሸት ተበጥብጦ፣ በመቃ ብዕር ፊደል በፊደል የሚጻፍ ስለ ሆነ፣ አንድ ዳዊት ለመጨረስ የወራት ድካም ይጠይቅ ነበር። ዋጋውም ብርቱ በመሆኑ መጽሐፍ በቤቱ ያለው ሰው ጥቂት ነው።

የንባቡም ሥርዐት እንደ መጽሐፉ አሠራር የዝግታ ሥርዐት ነበረ። ተማሪው ፊደልና አቡጊዳ ከለየ በኋላ መልእክተ ዮሐንስን ይይዛል፤ ከቍጥር ወደ ግእዝ ንባብ፣ ከግእዝ ወደ ውርድ ንባብ፣ በመጨረሻም ወደ ቁም ንባብ ይሸጋገራል። የሚነሣውንና የሚጣለውን ቃል መምህሩ በጆሮው እየተከታተለ ያርመዋል። ዳዊት የደገመ ልጅ ንባብን ከትዕግሥትና ከማስታወስ ጋራ አብሮ ተምሯል ማለት ነው። ይሁን እንጂ ይህን ሥርዐት እንከን የለሽ አድርጎ ማቅረብ እውነትን መደበቅ ይሆናል። ብዙው ገበሬና አብዛኞቹ ሴቶች ከደጁ ውጭ ቀርተዋል፤ ከገቡትም ብዙዎቹ ግእዙን ያነቡታል እንጂ ትርጓሜውን ሳያውቁ ቀርተዋል።

ይህን የብራና ዘመን ከሕትመት ዘመን ጋራ ያገናኙት ሰው ደግሞ ከዚያው ከእንጦጦ የተነሡ ናቸው። በ1870 ዓ.ም. በመርሐቤቴ የተወለዱት ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በእንጦጦ ራጉኤል ተምረዋል። ከሥራዎቻቸው ሁሉ ለዛሬው ነገራችን የሚጠቅመው፣ በ1904 ዓ.ም. ያሳተሙትና በ1920 ዓ.ም. አስፋፍተው ዳግመኛ ያወጡት የመጻሕፍት ካታሎግ ነው። በግእዝና በአማርኛ የተጻፉትን መጻሕፍት በዝርዝር ማስታወቅ ዛሬ ተራ ሥራ ይመስላል። ነገር ግን አንድ አንባቢ በገዛ ደብሩ ካለው መጽሐፍ በቀር ሌላ መኖሩን በማያውቅበት ዘመን፣ ይህ ዝርዝር የሀገሪቱን ዕውቀት ባንድነት ያሳየ መስኮት ነበረ። ኅሩይ ካህን ቤት የተማሩትን ንባብ ወደ ታሪክ፣ ወደ ልብ ወለድና ወደ ጕዞ ማስታወሻ መለሱት፤ በራሳቸው ጎሐ ጽባሕ ማተሚያ ቤትም መጻሕፍት አሳተሙ። ዕረፍታቸው በ1931 ዓ.ም. መጀመሪያ በስደት በእንግሊዝ አገር ሆነ።

በእነዚሁ ዓመታት የብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት በ1914 ዓ.ም. ተቋቁሞ፣ በዚያው ስም የተጠራው ጋዜጣ በ1917 ዓ.ም. መታተም ጀመረ። ንባብ ከጸሎት ሰዓት ወጥቶ ወደ ክርክርና ወደ መንግሥት ጕዳይ የገባው በዚህ ጊዜ ነው። ጋዜጣ ያነበበ ሰው ስለ ጃፓን መሠልጠን፣ ስለ ትምህርትና ስለ ግብር አሳብ መስጠት ጀመረ። እንዲህ ያለው ሰው ቀድሞ ከነበረው አንባቢ የተለየ ሕይወት ነበረው።

ከወረራው በኋላ የንባብ ማእከል ወደ የካ ወገን ዞረ። በ1935 ዓ.ም. በኮተቤ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተከፈተ፤ በተከታዩም ዓመት በከተማው የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ወመዘክር ተቋቋመ። ከኮተቤ ትምህርት ቤት ወጥተው በእንግሊዝ አገር ከተማሩት አንዱ ባለቅኔው መንግሥቱ ለማ ናቸው። እኚህ ሰው የአባታቸውን፣ የታላቁን ሊቅ የአለቃ ለማ ኃይሉን ትዝታ በድምፅ መቅረጫ ቀርጸው በ1959 ዓ.ም. በመጽሐፍ አወጡት። አስተዋይ አንባቢ እዚህ ላይ ቆም ብሎ ሊመለከት ይገባል። ያን ጊዜ አዲስ የነበረው መሣሪያ የጥንቱን ሊቅ ቃል ከመጥፋት አዳነው እንጂ አላጠፋውም። መሣሪያውን የያዘው ልጅ ግን አባቱ የሚናገሩትን ለመረዳት የሚበቃ ትምህርት ነበረው፤ ያለዚያ ቀረጻው ባዶ ድምፅ ሆኖ በቀረ ነበር።

በኋላም በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በ15 ቋንቋዎች ሚሊዮኖችን ከፊደል ጋራ አስተዋወቀ። በ1958 ዓ.ም. የታተመው የሐዲስ ዓለማየሁ ፍቅር እስከ መቃብር በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ በሬዲዮ ሲተረክ ደግሞ ማንበብ የማይችለው ሁሉ ታሪኩን ሰማ። ከዘመቻው የምንማረው አንድ ብርቱ ነገር አለ፤ ይኸውም ፊደል የቈጠረ ሰው በመንደሩ የሚያነበው ጽሑፍ ካላገኘ የተማረውን ቀስ በቀስ ይረሳዋል።

አሁን ወደ ኮምፒዩተር ዘመን እንመለስ። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት በአንዱ ፕሮግራም የተጻፈ አማርኛ በሌላው ሲከፈት ትርጉም የሌለው ምልክት ሆኖ ይታይ ነበር። ፊደላችን እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1999 ዩኒኮድ በተባለው ዓለም አቀፍ ሥርዐት በመግባቱ ይህ ችግር ቀለለ፤ ዛሬ የኮተቤ ተማሪ በስልኩ የሚጽፈውን አማርኛ በባሕር ማዶ ያለ ወንድሙ ያነበዋል። ብራናውም ወደዚሁ መንገድ ገብቷል። በ1960ዎቹ አጋማሽ በተጀመረው ሥራ ከ9,000 የሚበልጡ የኢትዮጵያ የብራና መጻሕፍት በማይክሮፊልም ተነሥተዋል። ቅጂያቸው በአሜሪካ በሚኔሶታ ሲቀመጥ፣ ሊቁ ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ዓመታት በፈጀ ድካም መርምረው ካታሎግ አዘጋጁላቸው። ኅሩይ በ1904 ዓ.ም. የጀመሩት ሥራ በዚህ መልክ ቀጠለ ማለት ይቻላል። በ1860 ዓ.ም. ከመቅደላ ተወስደው በለንደን ከሚገኙት መጻሕፍትም ብዙዎቹ ዛሬ በኢንተርኔት ይታያሉ፤ ምስሉን ማየት ግን መጽሐፉን በሀገር ማግኘት አይደለም።

በእንጦጦም ተራራ ላይ፣ ከባሕር ወለል 3,200 ሜትር ገደማ በሚደርስ ከፍታ፣ ሁለት ቴሌስኮፖች ያሉት የኅዋ ምርምር ማእከል ቆሟል። ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ከቻይና የተወነጨፈችው የመጀመሪያዋ የኢትዮጵያ ሳተላይት የመሬታችንን ምስል የላከችው በዚሁ ተራራ ወዳለው ጣቢያ ነበር። ምስሉ ዝናምንና አዝመራን ለማወቅ ይጠቅማል፤ ይሁን እንጂ እርሱም እንደ ብራናው አንባቢ ይፈልጋል። ያልተማረ ዐይን ከዚያ ምስል ከቀለም በቀር የሚያየው የለም።

ከዚህ ሁሉ ምን እንረዳለን? መሣሪያ ሲለወጥ ንባብ እንደማይሞት ታሪኩ ያሳያል። እያንዳንዱ መሣሪያ ግን አንድ ነገር ሲሰጥ ሌላውን ይወስዳል። ሕትመት መጽሐፍን አበዛ፤ መምህሩን ግን ከተማሪው ጐን አራቀ። ስልክ ደግሞ ቤተ መጻሕፍትን በኪስ አስገባ፤ ነገር ግን አንባቢውን በየደቂቃው እየጠራ ከጀመረው ዐረፍተ ነገር ያናጥበዋል። ርእሱን ብቻ አይቶ ወሬ ለሌላው የሚያስተላልፍ ሰው አነበበ አይባልም፤ ባልተጣራ ወሬም ጎረቤት ከጎረቤቱ ሲጣላ አይተናል። በንባብ ቤት የተሳሳተ ቃል መምህሩን ሳያልፍ ወደ ሌላው አይሄድም ነበር። በስልክ ግን አራሚው ራሱ አንባቢው ነው፤ ስለዚህ የዛሬው አንባቢ ከትናንቱ ይልቅ ተጠንቃቂ እንዲሆን ግድ ይለዋል።

እንግዲህ በዚህ ረገድ ሥራው የጋራ ነው። መምህራን ተማሪው በስልኩ ያገኘውን ጽሑፍ ጮክ ብሎ እንዲያነብ፣ በራሱ ቃል እንዲያስረዳና ከየት እንዳገኘው እንዲናገር ቢያደርጉ፣ የጥንቱን ንባብ ቤት ጥቅም በአዲሱ መሣሪያ ላይ ይመልሱታል። ባለሥልጣኖችም ታኅሣሥ 23 ቀን 2014 ዓ.ም. በአራት ኪሎ የተከፈተውን አብርሆትን የመሰለ ታላቅ ቤተ መጻሕፍት ማሠራታቸው የሚመሰገን ሲሆን፣ በየሰፈሩ አነስተኛ የንባብ ክፍል ማቋቋምና በየደብሩ ያሉትን የብራና መጻሕፍት ከባለቤቶቹ ጋራ ተስማምቶ ማስመዝገብ ይቀራቸዋል። ተማሪውም በየቀኑ አንድ ሰዓት ስልኩን ዘግቶ ወይም በስልኩ አንድ መጽሐፍ ብቻ ከፍቶ ይቀመጥ፤ ያልገባውን ገጽ ደግሞ ያንብበው፤ አሁንም ካልገባው ከሚያውቀው ሰው ዘንድ ሄዶ ይጠይቅ።