የአረንጓዴው ትኋን የሽታ ቋንቋ፦ ምስጢሩ የተፈታበት ታሪክና ለአርሶ አደሩ ያለው ትምህርት

አንድ አርሶ አደር በቦሎቄ ወይም በአኩሪ አተር ማሳው ውስጥ ሲዘዋወር ጀርባው ጋሻ የመሰለ አረንጓዴ ትኋን ቢነካ እጁ ላይ ቶሎ የማይለቅ ግማት ይቀርበታል። ይህ ግማት ተባዩ ከወፍና ከሌሎች ጠላቶቹ ራሱን የሚከላከልበት መሣሪያ መሆኑ ከጥንት ጀምሮ ይታወቃል። ይሁን እንጂ ወንዱ ትኋን የሰው አፍንጫ ልብ የማይለው ሁለተኛ ሽታም አለው። በዚህኛው ሽታ ሴቷን ከሩቅ ይጠራል። ባለሙያዎች እንዲህ ያለውን የመጠራሪያ ሽታ ፌሮሞን ይሉታል። የዚህ ሽታ ምስጢር እንዴት እንደተፈታ ማወቅ ተባዩን ለመከላከል ለሚደረገው ጥረት ከፍተኛ ጠቀሜታ አለው።

ከአፍሪካ ወደ ዓለም

አረንጓዴው ትኋን በሳይንሳዊ ስሙ ኔዛራ ቪሪዱላ ይባላል። ለመጀመሪያ ጊዜ በሳይንስ መዝገብ ያሰፈረው ስዊድናዊው ሊቅ ካርል ሊኒየስ ሲሆን ዘመኑም እ.ኤ.አ. 1758 ነበር። የብዙ ተመራማሪዎች ግምት የትኋኑ የመጀመሪያ መኖሪያ አፍሪካ፣ በተለይም የምሥራቁ ክፍል ነው የሚል ነው። በቆዩ የእንስሳት ጥናት መጻሕፍት መነሻው “የኢትዮጵያ ክልል” ተብሎ የሚገኘውም ለዚሁ ነው። ሆኖም ይህ አጠራር ኢትዮጵያን ብቻ ሳይሆን ከሰሃራ በስተደቡብ ያለውን አፍሪካ በሙሉ የሚያመለክት መሆኑን ልብ ማለት ያስፈልጋል።

ትኋኑ ከዚህ ተነሥቶ ዛሬ ሞቃት የአየር ጠባይ ባላቸው የዓለም ክፍሎች ሁሉ ተሰራጭቷል። ሴቷ እንቁላሎቿን በቅጠል ሥር እንደ ንብ እንጀራ ደርድራ ትጥላለች፤ በአንድ ጊዜ የምትጥለውም ከመቶ ሊበልጥ ይችላል። እንጭጩም ሆነ ጎልማሳው መርፌ መሰል አፉን እሸቱ ውስጥ ሰክቶ ስለሚመጥ ፍሬው ይጨማደዳል፣ ጥራቱም ይወርዳል።

በሃዋይ የታየው

እ.ኤ.አ. በ1961 ትኋኑ በሃዋይ ደሴቶች ተገኘ። የደሴቶቹ የግብርና ባለሙያዎች በኬሚካል ብቻ ከመታገል ይልቅ የተፈጥሮ ጠላቶቹን ከውጭ ለማስመጣት ወሰኑ። በዚህም መሠረት በትኋኑ እንቁላል ውስጥ የራሷን እንቁላል የምትጥል ትንሽ ተርብ ከአውስትራሊያ መጣች። ይህችው ተርብ ቀደም ሲል እ.ኤ.አ. በ1933 ከግብፅ ወደ አውስትራሊያ የተወሰደች ነበረች። ከዚህም ሌላ እንቁላሏን በጎልማሳው ትኋን ገላ ላይ የምትለጥፍ ዝንብ ከአሜሪካ አካባቢ መጣች። ከእንቁላሉ የሚወጣው ትል የትኋኑን ገላ ሰርስሮ በመግባት ውስጡን ይመገባል።

ሚቸልና ማው የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1971 በሃዋይ ያካሄዱትን ጥናት ሲያወጡ ሁለት ነገሮችን አሳወቁ። አንደኛው፣ ወንዱ ትኋን የሚያወጣው ሽታ ሴቷን የሚስብ መሆኑ ነው። ሁለተኛው፣ ዝንቧም ይህንኑ ሽታ ተከትላ የምትመጣ መሆኗ ነው። ስለዚህ ትኋኑ ሴቷን ሲጠራ ገዳዩንም አብሮ ይጠራል ማለት ነው።

ቅመሙ አንድ፣ መጠኑ ልዩ ልዩ

የሽታው ኬሚካላዊ ይዘት እስከ እ.ኤ.አ. 1987 ድረስ በውል አልታወቀም ነበር። በዚያ ዓመት በአሜሪካ ጄፍሪ አልድሪችና ባልደረቦቹ፣ በእንግሊዝ ደግሞ ሌላ የኬሚስቶች ቡድን ውጤታቸውን አወጡ። የሽታው ዋና ዋና ክፍሎች ሲስ እና ትራንስ ተብለው የሚጠሩ፣ እርስ በርስ በጣም የሚመሳሰሉ ሁለት ቅመሞች ሆነው ተገኙ።

በሁለት ዓመት ልዩነት እ.ኤ.አ. በ1989 ይበልጥ የሚያስገርም ነገር ታወቀ። የሰሜን አሜሪካ ተወላጅ የሆነ ሌላ አረንጓዴ ትኋንም እነዚያኑ ሁለት ቅመሞች ይጠቀማል። ልዩነቱ መጠኑ ላይ ነው። በአሜሪካ የሚገኘው ኔዛራ ቪሪዱላ ሦስት እጅ ትራንስና አንድ እጅ ሲስ ያህል ሲያወጣ፣ የዚያ ዘመዱ ሽታ ግን ከመቶው 95 እጁ ሲስ ነው። ሁለት ባለሙያ ሴቶች ከአንድ ገበያ አንድ ዓይነት ቅመም ገዝተው በርበሬ ቢያዘጋጁ የአንዷ ወጥ ከሌላዋ እንደሚለይ ሁሉ፣ የትኋን ዘመዳሞችም የሚለያዩት በቅመሙ ዓይነት ሳይሆን በአመጣጠኑ ነው።

በጃፓን የሚገኘው ኔዛራ ቪሪዱላ ደግሞ ሁለቱን ቅመሞች በተቀራራቢ መጠን የሚያወጣ በመሆኑ፣ ተባዩ በየአገሩ የተለያየ የሽታ ዘር አለው የሚል አስተሳሰብ ተስፋፍቶ ነበር። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ2000 የወጣ ጥናት ይህን አስተሳሰብ የሚያለዝብ ሆነ። በአንድ አካባቢ የሚገኙ ወንዶች እንኳ አንዱ ከሌላው የተለየ መጠን እንደሚያወጡ፣ እያንዳንዱ ወንድ ግን የራሱን መጠን ጠብቆ እንደሚቆይ ተረጋገጠ። ስለሆነም ሽታው ብቻውን ዘመድን ከባዕድ ለመለየት የሚበቃ አይደለም።

በግንድ ላይ የሚመታ ከበሮ

ቀሪውን መልስ የሰጡት በስሎቬንያ እነ አንድሬይ ቾክል ለብዙ ዓመታት ያካሄዷቸው ጥናቶች ናቸው። ትኋኖቹ ሽታውን ተከትለው አንድ ተክል ላይ ከተሰበሰቡ በኋላ ሆዳቸውን በማንቀጥቀጥ በግንዱና በቅጠሉ በኩል መልእክት ይለዋወጣሉ። ንዝረቱ በሴኮንድ ወደ መቶ ጊዜ የሚጠጋ ሲሆን የሚሰሙትም በእግራቸው ነው። እያንዳንዱ ዝርያ የራሱ ምት አለው። እ.ኤ.አ. በ2003 ደግሞ ወንዱ የሴቷን ምት ሲሰማ ሽታውን አብዝቶ እንደሚለቅ ታወቀ። እንግዲህ ሽታው ከሩቅ ያቀራርባል፣ ከበሮው ደግሞ በቅርብ ያስተዋውቃል ማለት ነው።

ይህም ቢሆን የሚሳሳትበት ጊዜ አለ። በጃፓን ኔዛራ አንቴናታ የሚባል የቅርብ ዘመድ ይኖራል። የአየር ሙቀት እየጨመረ በመሄዱ ኔዛራ ቪሪዱላ ከ1960ዎቹ መጀመሪያ እስከ እ.ኤ.አ. 2007 ባለው ጊዜ ወደ ሰሜን 85 ኪሎ ሜትር ያህል ገፍቶ የዘመዱን መኖሪያ ይዟል። ሁለቱ በሚገናኙበት ቦታ እርስ በርስ ሲራከቡ የሚታይ ቢሆንም ከዚህ ዓይነቱ ግንኙነት ዘር አይገኝም።

ከታሪኩ የሚገኘው ትምህርት

ከዚህ ታሪክ የኅብረት ሥራ ማኅበራት አባላትና የግብርና ባለሙያዎች ሊወስዷቸው የሚገቡ ቁም ነገሮች አሉ።

በመጀመሪያ፣ ተባዩን በስሙ ለይቶ ማወቅ ያስፈልጋል። የቡና ገበሬው የሚያውቀው አንቴስቲያም የዚሁ ቤተሰብ አባል ነው። በኢትዮጵያ ቡና ላይ የሚታወቀው አንቴስቲያ ግን በሩዋንዳና በቡሩንዲ ከሚገኘው የተለየ ዝርያ ነው። ዘመዳሞች በቅመም መጠን የሚለያዩ ከሆነ በአንድ አገር የሠራ የሽታ ወጥመድ በሌላው ሳይፈተሽ ይሠራል ተብሎ ገንዘብ ሊወጣበት አይገባም።

ሁለተኛ፣ የሽታ ወጥመድ ዋና ጥቅሙ ተባዩ መቼ እንደመጣ ማሳወቁ ነው። የተጠራው ትኋን ሁሉ ወጥመዱ ውስጥ አይገባም፤ በአቅራቢያው ባለው ሰብል ላይ ያርፋል። በመሆኑም ወጥመዱን እሸት በያዘ ማሳ መካከል መትከል ጉዳቱን ሊያባብስ ይችላል።

ሦስተኛ፣ ረዳቶችን መጠበቅ ተገቢ ነው። የእንቁላል ተርቧ ሴቷ ትኋን ቅጠል ላይ ትታ የሄደችውን የእግር ዱካ አሽትታ፣ ከወንዱም ዱካ ለይታ እንቁላሉን የምትፈልግ ታታሪ ሠራተኛ ናት። የማሳ አሰሳ ሳይደረግ በዘፈቀደ የሚረጭ ፀረ ተባይ ተርቧን ስለሚገድል፣ ኋላ ከጎረቤት ማሳ የሚመጣው ትኋን ያለ ጠላት ይራባል።

ትኋን የማሳ ድንበር አያውቅም። አንዱ አርሶ አደር በቅጠል ሥር ያሉትን እንቁላሎች እያየ ሲለቅም፣ ሌላው ቡናውን ገርዞ ጥላውን ሲያሳሳ፣ ጎረቤቱ ግን ዝም ቢል ድካሙ ሁሉ ከንቱ ይሆናል። አሰሳው በአንድ ሳምንት፣ በአንድ ቀበሌ፣ በልማት ጣቢያ ሠራተኛ ድጋፍ በጋራ ቢካሄድ ግን ውጤቱ ሌላ ነው። ትኋኖች ተጠራርተው ሰብል ላይ የሚሰበሰቡ ከሆነ አርሶ አደሮችም ሰብላቸውን ለማዳን ሊጠራሩ ይገባል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የተባለው ለዚህ ነውና።